ሉዊዝ ደ ማሪያክ፦ ርኅራኄን ሙያ ያደረገች ሴት

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም የአንድ ዝነኛ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ እንደምትገምቱት፣ ድልድይ የሠራ ወይም ወንዝ የገደበ ሰው ለመፈለግ ነበር ዐሳቤ። ይሁን እንጂ መሐንዲስ ያልነበረች፣ ካረፈችም ከ360 ዓመት በላይ የሆናት የአንዲት ሴት ታሪክ ለኛ ሙያ የሚሆን ትምህርት እንዳለው ስለ ተረዳሁ፣ የማኅበራችን አባላት በትዕግሥት እንዲከተሉኝ እለምናለሁ።

ወደዚህች ሴት የመራኝ በምኖርበት በገርጂ የደረሰ ነገር ነው። ገርጂ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ የዝቅተኛ ወጪ የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በአዲስ አበባ ለሙከራ የተጀመረበት ሥፍራ መሆኑን በሙያው ያለን ሁሉ እናውቃለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኛ ሕንፃ በአራተኛው ፎቅ የሚኖሩ፣ ሁላችንም እማማ ብለን የምንጠራቸው አንዲት አረጋዊት ወድቀው ወገባቸው ተጐዳና ከደረጃው መውረድ ተሳናቸው። ጎረቤት ሁሉ ደነገጠ። በመጀመሪያው ሳምንት ከየቤቱ እንጀራው፣ ወጡና አጥሚቱ ጐረፈ፤ እማማም ብቻቸውን ሊጨርሱት ያልቻሉት ምግብ ሻግቶ ተደፋ። በሦስተኛው ሳምንት ግን በራቸውን የሚያንኳኳ ጠፋ። እኔ በበኩሌ ለደረጃው ተጨማሪ የእጅ መደገፊያ የሚሆን ብረት ለክቼ ንድፍ አወጣሁና የድርሻዬን እንደ ተወጣሁ ቈጠርሁ። ነገሩን መልክ ያስያዘችው ታናሽ እኅቴ ነበረች፤ እንዴት እንዳደረገች በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

እኅቴ ከዚያ በኋላ የባንክ ሥራዋን ትታ፣ በውጭ አገር በሚገኝ በአንድ የካቶሊክ ኮሌጅ ሶሻል ወርክ በተባለው የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር መቍረጧን ነገረችኝ። ርኅራኄን ለመማር አራት ዓመት ኮሌጅ መቀመጥ ምን ይባላል ብዬ አፌዝሁባት። ዘወትር ጋሼ ብላ የምታከብረኝ ልጅ ናትና አልመለሰችልኝም። በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ ግን ለክፍል ሥራ ያዘጋጀችውን የሉዊዝ ደ ማሪያክን ታሪክ ላከችልኝ። ላፌዝሁት ጥያቄ መልሱ እዚያ ውስጥ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እናቷ ያልታወቀች ልጅ

ሉዊዝ በፈረንሳይ አገር ኦገስት 12 ቀን 1591 ተወለደች። አባቷ ሉዊ ደ ማሪያክ ከታወቀ የመኳንንት ወገን ነበር፤ እናቷ ማን እንደ ነበረች ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። አባቷ ልጄ ናት ብሎ ቢቀበላትና ለመተዳደሪያዋ የሚሆን ገንዘብ ቢመድብላትም፣ በጋብቻ ያልተወለደች በመሆኗ በዘመኑ ሕግ ከቤተሰቡ ማዕድ ሙሉ ድርሻ አልነበራትም። ገና በሕፃንነቷ የአያቷ እኅት ወደሚኖሩበት ወደ ፖይሲ የደናግል ገዳም ተላከች፤ በዚያም ንባብን፣ ላቲንንና ሥዕልን ተማረች። የመኳንንት ልጆች ከሚያገኙት ትምህርት የማያንስ ነበር።

ይህ ግን አልዘለቀም። ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት ከገዳሙ ወጥታ በፓሪስ ከተማ አንዲት ምስኪን ሴት ወደምታስተዳድረው የልጃገረዶች ማደሪያ ተዛወረች። አባቷም በ1604 ሞተ። በዚያ ማደሪያ የቤት ሥራ፣ ስፌትና ምግብ ማብሰል ተማረች፤ የቤቲቱ ባለቤት ገንዘብ ባጠራት ጊዜም ከነጋዴዎች የእጅ ሥራ ተቀብላ ከጓደኞቿ ጋር እየሠራች ታግዛት ነበር። ስለዚህ አንዲት ልጅ ከዐሥራ አምስት ዓመቷ በፊት የገዳሙን ቤተ መጻሕፍትና የድኾችን ማድቤት ሁለቱንም ለማወቅ በቃች። በኋላ በሥራዋ የታየው ችሎታ መሠረቱ የተጣለው በነዚህ በሁለቱ ቤቶች ነው።

ካደገች በኋላ ጥብቅ ሥርዐት ወዳለው ወደ ካፑቺን ደናግል ገዳም ለመግባት ለመነች፤ ጤናዋ ደካማ ነው ተብላ ተከለከለች። ዘመዶቿም በፌብሩዋሪ 1613 የንግሥት ማሪ ደ ሜዲቺ ጸሐፊ ለነበረው ለአንትዋን ለ ግራ ዳሯት። በዚያው ዓመት ሚሼል የተባለ ወንድ ልጅ ወለደች። ለጥቂት ዓመታት የተደላደለ ኑሮ ኖሩ፤ ከዚያ ግን ባሏ በማይድን ሕመም ተያዘ። ሕመሙ ጠባዩንም ለወጠው። ሉዊዝ ለዓመታት አስታመመችው፤ በመካከሉም ገዳም ሳልገባ በማግባቴ እግዚአብሔር እየቀጣኝ ይሆን የሚል ጥርጣሬ አእምሮዋን አናወጠው። በ1623 በበዓለ ጰራቅሊጦስ ዕለት በቤተ ክርስቲያን ሳለች ጥርጣሬው ለቀቃት፤ ወደፊት ድኾችን ከሚያገለግሉ፣ ወጥተው ከሚገቡ ሰዎች ጋር እንደምትኖር በልቧ ታያት። ይህ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበር፤ ደናግል በአጥር ተከልለው ይኖሩ ነበርና ወጥቶ መግባት ምን ማለት እንደ ሆነ ራሷም አልገባትም። ባሏ በዲሴምበር 1625 አረፈ። ሉዊዝ በ34 ዓመቷ አንድ ልጅና ጥቂት ገንዘብ የያዘች መበለት ሆነች።

ልግስና ሞልቶ ሥርዐት ሲጐድል

በነዚያ ዓመታት የሉዊዝ የነፍስ አባት የሆኑት አባ ቪንሰንት ደ ፖል ነበሩ። አባ ቪንሰንት የገበሬ ልጅ ናቸው። በ1617 ሻቲዮን በምትባል ትንሽ ከተማ ቆሞስ ሳሉ የደረሰባቸው ነገር የዚህ ታሪክ ቍልፍ ስለ ሆነ ልናገረው ይገባኛል። አንድ እሑድ ለቅዳሴ ሲዘጋጁ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቤት አንድ ቤተሰብ በሙሉ ታሞ የሚያነሣው አጥቶ እንደ ተኛ ተነገራቸው። በስብከታቸው ለምእመናኑ አሳሰቡ። ከሰዓት በኋላ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ መንገዱ ምግብ ተሸክመው በሚሄዱና በሚመለሱ ሰዎች ተሞልቶ አገኙት። ቤተሰቡ በአንድ ቀን ሊበላው የማይችለው ምግብ ተከምሯል፤ ከፊሉ መበላሸቱ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ቤተሰቡ እንደ ገና መራቡ የማይቀር ነበር። ከዚህ አባ ቪንሰንት የደረሱበት ዐሳብ፣ የሕዝቡ ልግስና ብዙ ሆኖ ሳለ የጐደለው ሥርዐት መሆኑን ነው። ወዲያውም የከተማዋን ሴቶች ሰብስበው በተራ የሚያገለግሉበትን፣ ገንዘብ ያዥና የሒሳብ መዝገብ ያለውን የምግባረ ሠናይ ማኅበር አቋቋሙ።

እኛ መሐንዲሶች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን። ውኃ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ በበጋ ደግሞ ጠፍቶ አገሩ ሲደርቅ፣ የጐደለው ማጠራቀሚያውና ቦዩ ነው። የገርጂው የእማማ እንጀራ የሻገተውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

ማኅበራቱ በየገጠሩ ተስፋፉ። ነገር ግን ማንኛውም ድርጅት ተቋቋመ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። በሜይ 1629 አባ ቪንሰንት ሉዊዝን ወደ ሞንሚራይ ልከው ማኅበራቱን እየዞረች እንድትመረምር አደረጉ። ለአራት ዓመት ያህል በሠረገላና በፈረስ፣ ብዙ ጊዜ በራሷ ወጪ፣ ልብስና መድኃኒት ጭና ከመንደር መንደር ዞረች። በየደረሰችበት የሒሳቡን መዝገብ ታያለች፤ በሽተኞቹን ራሷ እየሄደች ትጠይቃለች፤ የማኅበሩን ሴቶች ሰብስባ ታነጋግራለች፤ ልጃገረዶችን ታስተምራለች፤ መምህርት በሌለበትም አንዲቱን አሠልጥና ትተዋለች። ያየችውንም በጽሑፍ ታቀርብ ነበር። መጀመሪያ የነበረው ግለት በርዶ፣ ጕብኝቱ ተቋርጦ፣ ሒሳቡም ተዘበራርቆ ያገኘችባቸው ሥፍራዎች ነበሩ። የግንባታ ተቈጣጣሪ ሆኖ የሠራ ሰው የሉዊዝን አሠራር ሲያይ የገዛ ሙያውን ያስታውሳል፤ መሬት ላይ ያለውን በዐይን ማየት፣ ከደንቡ ጋር ማስተያየት፣ መመዝገብ፣ ማረም።

የገጠር ልጃገረዶች ትምህርት ቤት

በፓሪስ የተቋቋሙት ማኅበራት ሌላ ችግር ገጠማቸው። አባሎቻቸው ወይዛዝርት ስለ ነበሩ፣ ባሎቻቸው ተላላፊ በሽታ ፈርተው ሲከለክሏቸው ሾርባውን በአገልጋዮች እጅ ይልኩ ጀመር። አገልጋይ ደግሞ ታዝዞ እንጂ ፈቅዶ የሄደ ስላልሆነ በሽተኛውን የሚያየው እንደ ሸክም ነበር። በዚህ ጊዜ ማርጌሪት ናሶ የምትባል የሱሬን መንደር ላም ጠባቂ መጣች። ይህች ልጅ ያገኘችውን መንገደኛ ፊደል እየጠየቀች በራሷ ጥረት ማንበብ የተማረች፣ ሌሎችን የመንደር ልጃገረዶችም ያስተማረች ነበረች። ድኾችን ላገልግል ብላ በ1630 ገደማ ራሷን አቀረበች፤ ሌሎችም ተከተሏት። በ1633 በወረርሽኝ የተያዘች ሴትን በገዛ አልጋዋ አስተኝታ በሽታው ተላልፎባት ሞተች።

የማርጌሪት ሞት አንድ ነገር ግልጽ አደረገ። በጎ ፈቃድ ያላቸው ልጃገረዶች በየሰበካው ተበታትነው፣ ማንም ሳያሠለጥናቸውና ሳይጠብቃቸው ሊያገለግሉ አይችሉም። ሉዊዝ አብረዋት የሚኖሩበትንና የሚማሩበትን ቤት ለመክፈት አጥብቃ ጠየቀች። አባ ቪንሰንት ከቸኰለ ይበላሻል የሚሉ ሰው ስለ ነበሩ ለረዥም ጊዜ አዘገዩዋት። በመጨረሻ ኖቬምበር 29 ቀን 1633 ጥቂት የገጠር ልጃገረዶች በሉዊዝ ቤት ተሰበሰቡ። የምግባረ ሠናይ ልጆች በመባል የሚታወቀው ማኅበር ልደት ይህ ነው።

በዚያ ቤት ምን ይማሩ ነበር? ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሣሉ። ከጸሎት በኋላ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ይማራሉ፤ ቍስል ማጠብና ማሰር፣ በጊዜው ሕክምና ደም ማውጣት፣ መድኃኒት መቀመም ይለማመዳሉ። ከዚያ ወደ ሥራ ይወጣሉ፤ ያዩትን ይዘው ተመልሰው ይነጋገሩበታል። አባ ቪንሰንት በየጊዜው እየመጡ በሚያደርጉት ጉባኤም ልጃገረዶቹ አስቀድመው የየራሳቸውን ዐሳብ እንዲናገሩ ይጠየቁ ነበር፤ ትናንት ላም ይጠብቁ ለነበሩ ልጆች ይህ ከፊደሉ የማይተናነስ ትምህርት ነበር። ክፍል ውስጥ የተማሩትን በመስክ መፈተን፣ በመስክ ያዩትን ወደ ክፍል ማምጣት፣ በበላይ ተቈጣጣሪ መመራት፣ ዛሬ በማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሥልጠናው የጀርባ አጥንት ነው። እኅቴም ለዲግሪዋ ከክፍሉ ትምህርት ሌላ ብዙ መቶ ሰዓት የመስክ ልምምድ ግዴታ አለባት።

በልጃገረዶቹ ፊት የቆመ አንድ ትልቅ የሕግ እንቅፋት ነበር። በዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት መሠረት መሐላ የፈጸሙ ደናግል ከገዳም አጥር መውጣት አይፈቀድላቸውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቅዱስ ፍራንስዋ ደ ሳል የመሠረቱት የደናግል ማኅበርም በዚሁ ምክንያት ወደ ዝግ ገዳምነት ተለውጦ ነበር። ሉዊዝና አባ ቪንሰንት መንገዱን በጥንቃቄ መረጡ። ልጃገረዶቹ መነኰሳት እንዳይባሉ፣ ልብሳቸው የፓሪስ አካባቢ ገበሬዎች የሚለብሱት ተራ ልብስ እንዲሆን፣ ቃል ኪዳናቸውም በየዓመቱ የሚታደስ የግል ቃል ኪዳን እንዲሆን አደረጉ። ሉዊዝና አራት ጓደኞቿ መጀመሪያ ቃል ኪዳን የገቡት ማርች 25 ቀን 1642 ነው። በጸሎት ላይ ሳሉ በሽተኛ ከጠራቸው ጸሎቱን ትተው እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው፤ ታዘዙም። ከዚያ ወዲህ ሴት ልጅ የሃይማኖት ሕይወትን ሳትተው በጎዳና፣ በሆስፒታልና በድኻ ቤት የምትሠራበት በር ተከፈተ።

መዝገብ፣ ውል፣ ሥራ

የሉዊዝ ዝና በይበልጥ ከሕፃናት ጋር የተያያዘ ነው። በፓሪስ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቈጠሩ ጨቅላዎች በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይጣሉ ነበር። እነርሱን እንዲቀበል የተሠራው ቤት አያያዙ እጅግ የከፋ በመሆኑ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ለማኞች ሰዉን ለማሳዘን እንዲጠቀሙባቸው የሚሸጡም ነበሩ። በ1638 የምግባረ ሠናይ ወይዛዝርት ሁሉንም መቀበል ስላልቻሉ 12 ሕፃናት በዕጣ መርጠው በሉዊዝ ኀላፊነት አስቀመጡ። በዕጣ መምረጥ ምን ያህል ልብ እንደሚሰብር መገመት አያዳግትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ሁሉንም ለመቀበል ተወሰነ። ሉዊዝ የሚያጠቡ ሞግዚቶችን በገጠር እያፈላለገች ቀጠረች፤ ሕፃናቱን በመዝገብ አሰፈረች፤ ደሞዙ በወቅቱ እንዲከፈል አደረገች፤ ሕፃናቱ በእውነት የሚጠቡና የሚጠበቁ መሆናቸውን የሚያዩ እኅቶችንም ወደ ገጠሩ ላከች። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜም ለባለጸጎቹ ወይዛዝርት አከታትላ ትጽፍ ነበር። ከእጅዋ የወጡ በመቶዎች የሚቈጠሩ ደብዳቤዎች ዛሬም ድረስ ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጨርቅ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ እኅቶቹ ጤና የሚናገሩ የሥራ ደብዳቤዎች ናቸው።

ከሆስፒታሎች ጋር የነበራት አሠራርም ልብ ሊባል ይገባዋል። በአንዤ ከተማ የነበረው ሆስፒታል እኅቶችን በጠየቀ ጊዜ ሉዊዝ በክረምት ረዥም ጉዞ አድርጋ ራሷ ሄደች፤ በመንገድ ደክማ ታመመች፤ ሆኖም ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1640 ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር ውል ተፈራረመች። እኅቶቹ በበሽተኞች አገልግሎት ለአስተዳዳሪዎቹ ይታዘዛሉ፤ በራሳቸው ኑሮና ሥርዐት ግን የገዛ አለቆቻቸው ይመሯቸዋል። ማን ለምን ኀላፊ እንደ ሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ መለየት ከጭቅጭቅ እንደሚያድን ተረድታ ነበር። ቢሆንም ውል ሁሉን አይፈውስም። በ1646 እኅቶችን ይዛ በሄደችበት በናንት ከተማ ሆስፒታል ክስና አለመግባባት ለዓመታት ቀጠለ። እኅቶቹም ርስ በርሳቸው ተቀያየሙ። ሉዊዝ አንዳንዶቹን በማዛወር፣ ለሌሎቹ በመጻፍና በመምከር ስትደክም ኖረች። የዚህች ሴት ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተሳካ ነበር ብሎ የሚጽፍ ሰው እውነቱን አይጽፍም።

በ1642 በበዓለ ጰራቅሊጦስ ዋዜማ በማኅበሩ ቤት የደረሰው አደጋ ደግሞ ለኛ ቅርብ ነው። የወለሉ ተሸካሚ እንጨት ተሰብሮ ወለሉ ወደቀ፤ ሆኖም የተጐዳ ሰው አልነበረም። ሉዊዝ ይህን እንደ እግዚአብሔር ጥበቃ አድርጋ ዕድሜዋን ሙሉ አስታወሰችው። እኔ እንደ መሐንዲስ ምክንያቱን በተሸካሚው እንጨት ብፈልግም፣ ደጋግማ የምታስበው ነገር ግን ይገባኛል፤ እዚያ ወለል ላይ ይቆሙ የነበሩት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ታውቅ ነበር።

ፍሮንድ በተባለው የርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ ከ1648 እስከ 1653፣ እኅቶቹ በፓሪስ ለተጠለሉት ስደተኞችና ለተራቡት የከተማው ነዋሪዎች ሾርባ በየቀኑ እያበሰሉ ያድሉ ነበር። ጦርነቱ ሲበርድ ስሙ እንዳይገለጽ የፈለገ አንድ የፓሪስ ሰው ብዙ ገንዘብ ለአባ ቪንሰንት ሰጠ፤ በ1653 በዚያ ገንዘብ 20 ወንዶችና 20 ሴቶች አረጋውያን የእጅ ሙያተኞች የሚጦሩበት ቤት ተከፈተ። የቤቱን አሠራር የነደፈችው ሉዊዝ ናት። አረጋውያኑ ለምነው እንደሚበሉ ሰዎች እንዳይቈጠሩ የሽመናና የሌላ እጅ ሥራ መሣሪያ ተዘጋጀላቸው፤ ሥራውን የሚያስተምሩ ባለሙያዎችም ተቀጠሩ። እያንዳንዱ የሚችለውን ያህል ይሠራል፤ ከሚያገኘውም ይጠቀማል። ሰው ቢያረጅም ቢደኸይም የሚያውቀው ሙያና የሚፈልገው ነገር እንዳለው ማመን፣ ዛሬ የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ ከያዛቸው መሠረተ ዐሳቦች አንዱ ነው።

ልጇና ፍጻሜዋ

ይህ ሁሉ ሲሆን ሉዊዝ እናት ነበረች። ልጇ ሚሼል ዕድሜዋን ሙሉ አሳስቧታል። ካህን ይሁን ተብሎ ትምህርት ጀመረ፤ ተወ፤ እንደ ገና ጀመረ፤ አንዳንድ ጊዜም የት እንዳለ ሳታውቅ ትቈይ ነበር። አባ ቪንሰንት ለልጇ ያላትን ጭንቀት ከልክ ያለፈ ነው እያሉ ይገሥጿት ነበር። የብዙ መቶ የሰው ልጆች እናት የሆነችው ሴት በገዛ ልጇ ጉዳይ እንደ ማንኛችንም ትፈራና ትሳሳት ነበር። በመጨረሻ ሚሼል በ1650 አግብቶ ሥራ ያዘ፤ ሉዊዝም የልጅ ልጇን ለማየት በቃች።

ስለ ማኅበሩ ዘለቄታም አጥብቃ ታስብ ነበር። በ1646 የተሰጠው የቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ማኅበሩን በፓሪስ ሊቀ ጳጳስ ሥር ያደረገ በመሆኑ በየአገሩ የተበተኑት ቤቶች ይከፋፈላሉ ብላ ሠጋች፤ በትሕትና፣ ነገር ግን ሳታቋርጥ ተከራከረች። ያ ሰነድ ጠፍቶ ጉዳዩ እንደ አዲስ ሲታይ፣ በ1655 የተሰጠው ፈቃድ እርሷ በጠየቀችው መንገድ በአባ ቪንሰንትና በተከታዮቻቸው አመራር ሥር አደረጋቸው። በ1652 እኅቶች እስከ ፖላንድ ተልከው ነበርና አንድ ማዕከል መኖሩ በእውነት የሚያስፈልግ ነገር ነበር።

ሉዊዝ ማርች 15 ቀን 1660 በ68 ዓመቷ አረፈች። አባ ቪንሰንት ራሳቸው በሕመም ተይዘው ስለ ነበር ሊያዩዋት አልቻሉም፤ በምትካቸው አንድ ካህን ላኩ። እርሳቸውም በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ተከተሏት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሉዊዝን በ1934 በቅድስና ሰየመች። በ1960 ደግሞ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ጠባቂ ቅድስት አድርገው ዐወጇት።

ከፓሪስ እስከ አዲስ አበባ

የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ የአንድ ሃይማኖት ንብረት አይደለም። ትምህርቱ በዘመናዊ መልክ የተጀመረው በ1898 በኒውዮርክ በተሰጠ የክረምት ኮርስና በ1899 በአምስተርዳም በተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። በኛ አገርም ዕድርና ማኅበር፣ የነዳያን ዝክርና የጎረቤት መረዳዳት ከማንም ሳንማር የኖርንባቸው ናቸው። የሉዊዝ ማኅበር ልጆች ግን በአገራችንም ይታወቃሉ፤ በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ረኀብ ዘመን በመቀሌ የተራቡትን ካገለገሉት መካከል ነበሩ።

በካቶሊክ መነኰሳትና በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት መካከልም አሮጌ ዝምድና አለ። በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መጀመሪያ የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት ነበሩ። ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ማሠልጠኛ የሚሆን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1959፣ ሉዊዝ የሙያው ጠባቂ ከመባሏ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ። ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ ግን ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ መሆኑ ቀርቶ ለ30 ዓመት ያህል ተቋረጠ፤ በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደ ገና ተጀመረ። በነዚያ 30 ዓመታት ረኀብ፣ ጦርነትና ስደት በአገሪቱ ላይ ተፈራርቀዋል። መሐንዲስ ማሠልጠን ለ30 ዓመት ቢቋረጥ ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ይገምት።

አሁን ወደ ገርጂ ልመለስ። እኅቴ ያደረገችው ይህ ነው። አንድ ቀን ወደ አራተኛው ፎቅ ወጥታ ከእማማ ጋር ረዥም ሰዓት ተቀመጠች፤ ምን እንደሚፈልጉም ጠየቀቻቸው። ምግብ አልነበረም የቸገራቸው። ራሳቸው መቅረብ ስላልቻሉ የጡረታ ገንዘባቸው ተቋርጧል፤ ውኃው በፈረቃ ሲመጣ ወደ አራተኛው ፎቅ ስለማይደርስ ጀሪካን የሚያወጣላቸው የለም፤ ከሁሉ ይልቅ ግን እሑድ እሑድ ገርጂ ጊዮርጊስን መሳለም ናፍቋቸዋል። እኅቴ ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ጻፈች። ለምግቡና ለውኃው ሰባት ቤቶችን በሰባቱ ቀናት በተራ መደበች። ለጡረታው ወረቀት አብሯቸው የሚሄድ ሰው አገኘች። ከዚያም በምድር ቤቱ ከሚኖሩ ወጣት ባልና ሚስት ጋር ተነጋግራ እማማ ከነርሱ ጋር ቤት እንዲለዋወጡ አስማማች። ሁለቱ ወገኖች በሦስት ቀን ዕቃቸውን አጓጓዙ።

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ደረጃውን ለማሻሻል ስለካ፣ ሰዎቹን ማዛወር ይቻላል የሚል ዐሳብ አልመጣልኝም ነበር። ሊመጣልኝም አይችልም፤ እማማን አልጠየቅኋቸውማ። የእጅ መደገፊያው በኋላ ተሠራ፤ አሁን የሚደገፉበት ሌሎች ናቸው። እማማ ግን በየእሑዱ በምርኵዛቸው እየተራመዱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

ከእንግዲህ በምካፈልበት ሥራ ሁሉ፣ ነዋሪዎች የሚነሡበትም ሆነ የሚሰፍሩበት ግንባታ ሲሆን፣ ከአፈር ምርመራው ጎን ለጎን የሰዎቹን ኑሮ የሚመረምር የሠለጠነ ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን እንዲኖር ለመጠየቅ ወስኛለሁ። የሙያ ጓደኞቼም ይህን ጥያቄ በየመሥሪያ ቤታቸው እንዲያነሡ ዐደራ እላለሁ። እኅቴ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ልኬላታለሁ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ለተናገርሁት ቃል ይቅርታ መጠየቂያዬ ይሁንልኝ።